የጭነት መኪናዋን ያጠብን ዕለት

ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲያስወጡኝ ጠመኔው ገና በእጄ ነበር። ወንድሜ ጫካ ገብቷል ስለተባለ እንደሚመጡብኝ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ለተማሪዎቼ «መጣሁ፣ እንዳትረብሹ» ብዬ ወጣሁ።

ያኔ በደርግ ጊዜ እስር ቤቱ የት እንደሆነ የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀበሌው ሰው የሚያጉርበት ቢጠበው የአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ወርሶ ነበር። ግቢውን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ዒድ ተጠርቼ የበላሁበት ቤት ነው። ወንዶቹን ሳሎኑ ውስጥ አጉረዋቸዋል። እኔን ጓሮ ወዳለው የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። ቆርቆሮው ግሏል፤ የማሽላ ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። ጥጉ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። የነጋዴው ሚስት፣ የቤቱ እመቤት ነበሩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ፣ ጠጋ ብለው ቦታ እየሰጡኝ። «ቤቴ በእንግድነት መጥተሽ ውሃ እንኳ የማቀርብልሽ የለኝ።»

ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ሳይጠፋ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እትዬ እላቸው ነበር። ባለቤታቸው የጭነት መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ከውጫሌ ገበያ እህል ወደ ደሴ ያመላልሱ ነበር። የሚታደኑ ወጣቶችን በጆንያ መሃል ደብቀው አሻግረዋል ተባለና ሊይዟቸው ሲመጡ አመለጡ። እሳቸው እስኪገኙ ሚስታቸው ታሰሩ። ልጆቻቸውን አያታቸው ወስደዋቸዋል።

«እውነት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ወጣቶቹን አሻግረዋል?»

«የሰው ልጆች ናቸው። መንገድ ላይ ቆመው ሲለምኑት ምን ያድርግ?» አሉኝ።

መኪናዋ ግቢው መሃል ቆማለች። ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዞ ነጥቷል። ጎንና ጎኗን የአምባሰል መንገድ እሾህ ቧጥጦታል። በሾፌሩ በር ላይ ደግሞ አንዱ በሳንጃ ጫፍ «አድኃሪ» ብሎ ጽፎበታል። ወደ መጸዳጃ ሲያወጡን በዚያ በኩል ነው የምናልፈው። እትዬ በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና ሁለታችንን አስወጣን። ከደሴ ትልቅ ባለሥልጣን ሊመጣ ነው፤ መኪናዋ ለሰፊው ሕዝብ የተወረሰች ንብረት ተብላ በሰልፉ ፊት ልትሄድ ነው።

«እንዲህ ተጎሳቁላ አላቀርባትም» አለ። «አንቺ ታውቂበታለሽ ይላሉ። ዒድ በመጣ ቁጥር ከባልሽ ጋር ስትወለውሏት ነበር አሉ።»

«አዎ» አሉ እትዬ።

«እንደ አዲስ ታብራልኝ።»

እትዬ በሩን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይኸ ጽሑፍስ?»

ትንሽ አሰበ። «አጥፊው። አሁን የሕዝብ ናት።»

እኔ ተናደድኩ። ሊቀመንበሩ ሲሄድ «ለነሱ ሰልፍ ነው የምናሳምራት?» አልኳቸው።

«ለነሱ አይደለም» አሉ፣ አሮጌ ጨርቅ እየቀደዱ። «ይኸን ቃል ከሱ በር ላይ የማነሳበትን ቀን ስመኝ ነው የከረምኩት። በይ ነይ፣ ውሃ ቅጂልኝ።»

ቀኑን ሙሉ ሠራን። መጀመሪያ ጭቃውን በሳሙና አጠብን፤ የደረቀውን ሬንጅ በላምባ አስለቀቅን። ከዚያ እትዬ አመድ አስመጡና በቀጭን ጨርቅ ነፉት፤ እንደ ዱቄት የላመውን ብቻ በዘይት ለወሱት።

«በክብ በክብ እሺው፣ ግን አትጫኚው» አሉኝ።

ጨርቁ ነጩን ዝገት የመሰለ ነገር ይዞ ሲነሳ ከሥሩ ቀዩ ብቅ አለ። የእሾሁ ጭረት አብዛኛው በዚያው ጠፋ። ቃሉ ግን ጠልቆ ነበር። እትዬ ከባለቤታቸው የመፍቻ ሣጥን ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አገኙ፤ ውሃ እያስነኩ ፊደሉን አንድ በአንድ ፈገፈጉ። የጣታቸው ጫፍ ተላጠ። «ላግዝዎት» ብላቸው እምቢ አሉ። በቆርቆሮ የተረፈ ቀለም ውስጥ የዶሮ ላባ እየነከሩ የተፋቀውን ሞሉት፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠበቅንና እንደገና አለሰለሱት። በመጨረሻ ሰም በላምባ አቅጥነን ቀባናትና በለስላሳ ጨርቅ ወለወልናት።

ማምሻውን በሩ ላይ የሁለታችንን ፊት አየን። እኔ ከታሰርኩ ጀምሮ ፊቴን አይቼ አላውቅም ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ከስተሻል እንጂ ያው ነሽ።»

ከዚያ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። «እንዲህ ሆና ቢያያት…» አሉ።

መኪናዋ ለሰልፉ ወጣች፤ ሰልፉ ካለፈ በኋላም ሳትመለስ ሰነበተች። አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ሲከፈት ሰማን። ጭቃ ለብሳ ነበር የገባችው። ጥቂት ቆይቶ የአብዮት ጠባቂው ወደ መጋዘኑ መጣ። ይህ ሰው ድሮ ከዚችው መኪና ላይ ጆንያ እያወረደ የሚኖር ሰው ነበር፤ ሌላ ጊዜ በሩን ይደበድባል። ያን ቀን ቀስ ብሎ ከፈተው።

«እትዬ» አለ።

እትዬ ተነሥተው ቆሙ። «አገኙት?»

«አምባሰል ላይ… ገደሉ ሥር።»

«በሕይወት?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«የታል? የት አደረጉት?»

«በመኪናዋ ነው ያመጧቸው። ግን እዚህ ሳይደርሱ አውርደዋቸዋል። የት እንደሆነ ወላሂ አላውቅም፣ እትዬ።» መሬት መሬት እያየ ጨመረ፤ «ሊቀመንበሩ የመኪናዋን ጀርባ እጠቡ ብሏል። ለቅሶም አይሰማ ብሏል።»

እትዬ አልጮኹም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ሙስሊም ሞት ሲሰማ እንደሚለው፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ጠባቂውን ቀና ብለው አዩት።

«እሺ፣ አጥባለሁ። አንተ ግን ያን የግቢ በር ዝጋልኝ። ማንም እንዳይገባብኝ።»

ሄደና ዘጋው። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

እትዬ መጀመሪያ እጃቸውን፣ ፊታቸውንና እግራቸውን ታጠቡ። ጫማቸውን አወለቁና ወደ መኪናዋ ጀርባ ወጡ። እኔ ከታች ሆኜ ባልዲውን አቀበልኩ። ጣውላው ላይ ያለውን ደም አየሁትና ዓይኔን መለስኩ።

«ሚስት ባሏን ማጠብ ትችላለች» አሉኝ። «ሃይማኖታችን ይፈቅድላታል። እሱን ከልክለውኛል፤ ይኸን አልከለከሉኝም።»

ቢስሚላህ ብለው ከቀኝ በኩል ጀመሩ። ውሃውን በእጃቸው እየጨለፉ በቀስታ ያፈሱታል፤ በመዳፋቸው ያብሱታል፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሚሉትን አላውቀውም፤ ግን ባልዲው በጎደለ ቁጥር ሮጬ እሞላለሁ።

ውሃው በጣውላው ስንጥቅ እየወረደ ወደ ደጁ፣ ሰው ወደሚመላለስበት ሊሄድ ሲል እትዬ አዩት።

«አይረገጥ!» አሉኝ። በዚያ ቀን ድምፃቸው የተሰበረው ያኔ ብቻ ነው። «እባክሽ ልጄ፣ አይረገጥብኝ።»

ተንበርክኬ መሬቱን በእጄ ጫርኩ። ከአጥሩ ሥር እስካለችው ወይራ ድረስ ቦይ አወጣሁ። አፈሩ ደረቅ ነበር፤ ጥፍሬ ተነቀለ። ጠባቂው ዞር ብሎ አየኝና መሣሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጣ፤ በጫማው ተረከዝ ከወይራዋ ሥር ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ውሃው ቦዩን ይዞ ሄደ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሰረገ።

እትዬ ወርደው መጡ። አፈር በእፍኛቸው አንስተው አለበሱት። እኔም አለበስኩ። ጠባቂውም አለበሰና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እትዬ ወደ ሁለታችን ዞረው «አፉ በሉት» አሉ፤ ይቅር በሉት ማለታቸው ነው፣ ሟች በሚሸኝበት ጊዜ ለቀባሪው እንደሚባለው።

«አፉ ብለናል» አልን።

እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ፤ እትዬ ከእኔ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ግቢያቸው ተመለሰላቸው። መኪናዋ የት እንደደረሰች አላውቅም። ልጆቹ የአባታቸውን አስከሬን ብዙ ፈለጉ፤ አልተገኘም። እኔና እትዬ በየሠርጉ በየለቅሶው እንገናኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳነውም። ብዙ ልጅ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ልቤ የሚያርፈው ያን ዕለት ውሃ በማቀበሌ ነው።

ባለፈው ዓመት እትዬ አረፉ። ላስተዛዝን ስሄድ ትልቁ ልጃቸው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እሱም ሸብቷል።

«እናቴ ዱዓ የምታደርገው ሁልጊዜ ወይራዋ ሥር ነበር» አለኝ። «ብርድ ነው፣ ቤት ግቢ ስንላት አትሰማንም። እርስዎ ምክንያቱን ያውቁ ይሆን?»

ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ወይራዋ ሥር ቆሞ መዳፉን ዘርግቷል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ እሱ በዱዓው፣ እኔ በጸሎቴ።