የመሪጌታ ዘውዱ ሁለት የደም ምርመራዎች

የገነተ ማርያሙ የዜማ መምህር መሪጌታ ዘውዱ ባለፈው እሑድ ልባቸው ደክሞ አርፈዋል። በሙጃም በኮንም ያላችሁ ደቀ መዛሙርታቸው መርዶውን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ ግን የእኅታቸው ልጅም ተማሪያቸውም ስለሆንሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የኔታ በዜማ ጊዜ ኃይለኛ ነበሩ፤ የቆሎ ተማሪ ሲታመም ደግሞ እራታቸውን ይዘው ጎጆው ድረስ ይሄዱ ነበር። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቻቸው ደረታቸውን እንደያዙ በድንገት ስለሞቱ፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ የሚል ስጋት አይለያቸውም ነበር። የጤና ጣቢያው ሰው የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሲጽፍላቸው፣ ያኔ ያለ ይለፍ መንገድ አይኬድም ነበርና ከቀበሌ ወረቀቱን አውጥተን አብረን ሄድን።

እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ረጋ ብላ አስረዳችን። ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ በደም ውስጥ ሲበዛ የልብን ደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሕመም ስለሌለው በምርመራ ካልሆነ አይታወቅም። ማታ ከእራት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ ጠዋት እንዲመጡ ነገረቻቸው። ውጤቱ ደኅና ነው ስትለን እኔ ተመስገን ብዬ ወደ በሩ አመራሁ። የኔታ ግን ከደረጃው ላይ ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ ያየሽው የወር ጾሜን ነው እንጂ ደሜን አይደለም» አሏት።

ለካ ደምዎ ይታያል ከተባሉ ጀምሮ፣ ለቁርባን እንደሚዘጋጅ ሰው ቅቤና ሥጋ ትተው ኖረዋል። ሐኪሟ እንደ ቤታቸው እየበሉ ከሳምንታት በኋላ እንዲመለሱ አዘዘች። እኔ ተናደድሁ። የይለፍ ወረቀታችን ቀን ሊያልፍበት ነው፣ በየኬላው ፍተሻ አለ፤ የተኛ አውሬ ለምን እንቀሰቅሳለን አልኋቸው።

«ለእግዜር የጾሙትን ለሐኪም ማታለያ አያደርጉትም» አሉኝ።

እንደታዘዙት በልተው ሲመለሱ ሁለተኛው ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ፣ ከደም ግፊት፣ ከዕድሜና ከዘር ጋር አብሮ እንደሚመዘን ነገረችን። የኔታ ቅቤ ቀነሱ፣ በየጠዋቱ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ፣ በቀጠሮ እየተመለሱ ተመረመሩ። ወንድሞቻቸው ያላገኙትን ዕድሜም አገኙ። እኔን ባዩኝ ቁጥር «ያንተም ደም የእኛው ደም ነው፤ ሂድና ታይ» ይሉኝ ነበር።

የኔታ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። ከአርባዎ በኋላ ለመመርመር እሄዳለሁ። ልጆቼ ገና ትንንሾች ናቸው፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትሁ። ለምርመራው ክንዴን ስዘረጋ አጠገቤ ይቆሙልኛል ያልሁት እርስዎን ነበር፤ ይህን ፍርሃት ያለ እርስዎ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።