በግድግዳችን ላይ የነበሩ ሴቶች

ልጅ እያለሁ፣ የቦንጋ ዝናብ ሲበረታ፣ ግድግዳችን ላይ ያሉት ሴቶች ፊታቸው ያብጥ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያኔ ከሰልባጅ ልብስ ጋር ከጅማ የሚመጡ አሮጌ የፋሽን መጽሔቶች ትገዛና፣ ቅዱን ካጠናች በኋላ ገጾቹን በዱቄት ሙጫ ጭቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋቸዋለች። በየዓመቱ ለመስቀል በአሮጌው ላይ አዲስ ይደረባል። ቤቱ እርጥብ ወረቀትና የኮመጠጠ ሊጥ ይሸት ነበር።

እኔ ከሴቶቹ ይልቅ ፎቶ አንሺዎቻቸውን ለየሁ። ስማቸው በገጹ ጠርዝ ላይ በደቃቁ ይጻፋል፤ የአክስቴ መቀስ ግን ቆርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ በብርሃኑ እየለየሁ ስም አወጣሁላቸው። «መስኮቴ» ያነሳቸው ሴቶች ዓይን ውስጥ ትንሽ ነጭ መስኮት ይታያል። ከ«ጥላዬ» ሴቶች ፊት ለፊት ደግሞ ሁልጊዜ ኮፍያ ያደረገ የሰው ጥላ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከላይ ያሉት አዳዲሶቹ ሴቶች ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ፀጉራቸው ተበትኗል። እርጥበቱ ሲልጣቸው ከሥር ብቅ የሚሉት የጥንቶቹ ግን ጓንት አጥልቀው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ሐውልት ቆመዋል። ጥላዬ እዚያም አለ። ወደ ሥር በገባሁ ቁጥር ጥላው ወደ እግራቸው ይጠጋ ነበር።

እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። አንድም ፎቶ አልነበራትም። ከሁሉም ሥር ያለውን፣ የመጀመሪያውን ንብርብር የለጠፈችው እሷ መሆኗን ስሰማ፣ ከሴቶቹ መሃል ቆማ የምትጠብቀኝ መሰለኝ። መልኳን ማየት ፈለግሁ። አክስቴ ገበያ በሄደችበት አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ከአልጋዬ ራስጌ በማንኪያ እየፋቅሁ መላጥ ጀመርኩ። ጥላው የሴቶቹን ጫማ ሊነካ ተቃረበ። አንድ ገጽ ደግሞ ላጥኩ፤ ሴት የለም፣ የፈረንጅ ፊደል ብቻ። ከጎኑም ፊደል። ጥጉን ገልጬ ሳይ ከጀርባው የሴት ጆሮ አየሁ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጭቃው አዙረው ነበር።

«አንቺ! ቤቱን ልታራቁችው ነው?» አለች አክስቴ፣ ከበሩ ላይ፣ ነጠላዋ ውሃ እያንጠባጠበ።

«እትዬ፣ እነዚህ ለምን ጀርባቸውን ሰጡን?»

ቁጣዋ በረደ። «እናትሽ ናት። እርጉዝ ያፈጠጠችበትን ፊት ልጁ ይዞት ይወጣል ይባል የለ? ‹የማላውቃትን ፈረንጅ አልወልድም፣ እኔን ትምሰል› ብላ ገልብጣ ለጠፈቻቸው። ‹ደሞ ለዚህ መልክ!› እያልኩ እስቅባት ነበር።» ይህን ስትል ግን አልሳቀችም።

ዛሬ ያ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኗል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መጽሔቶቹን ኢንተርኔት ላይ አገኘኋቸው፤ በየገጹ ጠርዝ የአንሺው ስም አለ። ጥላዬም ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ማንሳት የሚወድ ሰው ብቻ ነበር። የእናቴን ፊት ግን ማንም አላነሳውም። አክስቴ አሁንም ልብስ ስትለካኝ፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች፣ አንዳንዴ ሜትሩን ትረሳና ፊቴን ትክ ብላ ታያለች። ሰው ሲያየኝ ማቀርቀር ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ግን ቀና ብዬ፣ አይታ እስክትጠግብ እቆምላታለሁ።