የጉድጓዱ ልጅ

ልጅ ፍርሃት አያውቅም ይባላል። ውሸት ነው፤ ፍርሃትን በደንብ የሚያውቅ ልጅ ብቻ ነው። እኛ አዋቂዎቹ ያለን ጭንቀት ነው፤ ለጭንቀት ምክንያት እንሰጠዋለን፣ ከጓደኛ ጋር ቁጭ ብለን እናወራዋለን። ልጅ ግን ብቻውን ይፈራል፣ ለማንም አይናገርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስፈራሩት የሚወዱት ሰዎች ናቸውና። ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ ጉድጓድ አንድም መስመር አላገኘሁባቸውም።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ሚልኪ ለልጁ ፖፖ ሊገዛ ቡራዩ ወዳለ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ ዳይፐር መተው አለበት ተብሏል። ሻጯ ከቁልሉ ውስጥ አንዱን ፖፖ መዝዛ አወጣችና ሲሚንቶው ላይ «ቧ» አድርጋ አስቀመጠችው። ባዶ ፕላስቲክ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ያ ድምፅ አርባ ዓመት ሊሞላው ወደ ተቃረበ ጊዜ፣ ወደ ሰበታው ግቢያችን መልሶ ወሰደኝ። መደርደሪያውን ያዝኩ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር የምንጋራው ሽንት ቤት ከጓሮው ጫፍ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ እንጨት፣ ከእንጨቱ በታች ያለውን ደግሞ ማንም ልጅ ጎንበስ ብሎ አያይም ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ ወለሉ በሰበሰና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን ለእንቁጣጣሽ ገዝተው ያሰሩት በግ ገመዱን በጥሶ፣ ሰው በሌለበት እዚያ ገብቶ፣ ከነእንጨቱ ወረደ። ገመድ ተጣለለት፣ መሰላል ታሰረ፣ አልሆነም። ጩኸቱን እስከ ከሰዓት ሰማነው፤ ከዚያ ዝም አለ፣ ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ ጉድጓድ ቆፋሪ ተጠርተው አሮጌውን ደፍነው አጠገቡ አዲስ ቆፈሩልን። ለአዋቂዎቹ ነገሩ በዚህ አለቀ። ለእኔ ግን አፉን የቀየረ ያው ጉድጓድ ነበር። የግቢው ሴቶችም ልጅ እንዳይጠጋው ብለው፣ በቅንነት፣ «በግ ቀምሷል፤ አሁን የቀረው ልጅ ነው» እያሉ ይነግሩን ነበር።

መስከረም ላይ እናቴ ፋብሪካ ሥራ ልትጀምር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሚልኪን ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እግሮቿን ዘርግታ፣ እግሯ ላይ አስቀምጣ «ሽሽሽ» እያለች ታስጠቅመው ነበር። «እግሬ ፋብሪካ ሊገባ ነው፤ ይሄ ልጅ የራሱ መቀመጫ ያስፈልገዋል» አለችና ቅዳሜ ዕለት አራታችንም ዓለም ገና ገበያ ሄድን። አባቴ የብረቱን ፖፖ አንስቶ በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ «ይሄ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አላት።

«ዕድሜ ልኩን ፖፖ ላይ ሊቀመጥ ነው እንዴ?» አለች እናቴ።

ሻጩ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ፣ ክርክሩን ሲሰሙ ቆይተው «የብረቱን ውሰዱ ብላችሁ የሚጠቅመው እኔን ነበር፣ ዋጋው ይወደዳል። ግን ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል። ልጅ አንዴ ከደነገጠ ተመልሶ አይቀመጥበትም» አሉ። ቀይ የፕላስቲክ ፖፖ ገዛን። የሐጂን ምክር በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ከብርዱ አዳኑት፣ ከእኔ ግን ሊያድኑት አይችሉም ነበር።

ሚልኪ ፖፖውን ወዲያው ወደደው። እየጎተተው ይዞር ነበር፣ ራሱ ላይ እንደ ቆብ ይደፋው ነበር፣ ሲጠቀምበት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር። ጭብጨባው ሲያልቅ እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች። የታላቅ ሴት ልጅ ሥራ መድፋት ነው፤ ይህን ማንም አላስረዳኝም፣ ማንም ማስረዳት ያለበት አልመሰለውም። ፖፖውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከበራችን እስከ ባሕር ዛፎቹ እርምጃዬን እየቆጠርኩ፣ አፉ ጋ ስደርስ ፊቴን አዙሬ ደፍቼ፣ ያ ነገር እግሬን ሳይዘኝ እሮጥ ነበር። አንዳንድ ቀን የበጉ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እፈራለሁ ብል «ትልቅ ልጅ አይደለሽ እንዴ» እንደምባል ስለማውቅ አልተናገርኩም።

ጥቅምት ላይ መፍትሔ አገኘሁ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሚልኪን አጠገቤ አስቀምጬ ቀዩን ፖፖ እያሳየሁ «ይሄ የጉድጓዱ ልጅ ነው። እናቱ በጉን በላች። እሱ ግን ገና ምንም አልበላም» አልኩት።

ሚልኪ ፖፖውን አየ፣ እኔን አየ፣ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ካካውን ያዘ። የመጀመሪያውን ቀን ደስ አለኝ። ሁለተኛውንም ቀን ደስ አለኝ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል። በሦስተኛው ቀን በሩ ጀርባ ቆሞ፣ እግሮቹን አጣብቆ፣ ፊቱ ቀልቶ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ተልባ ሰጡት፣ ዘይት ሰጡት፣ እናቴም እግሯ ላይ ልታስቀምጠው ሞከረች፣ እየጮኸ አመለጣት። በአራተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ደርቆ ትኩሳት ጀመረው። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ የመረመሩት ሴትዮ «እስከ ነገ ካልወጣለት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውሰዱት፣ እንዳትዘገዩ» አሉ። እናቴ እቅፏ ውስጥ አድርጋው ስትመለስ ፊቷን አይቼ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፤ ሚልኪ ሊሞት ነው፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ መኪና ሊፈልግ እንደ ወጣ ኦቦ ዱጋሳ የአዲሱን ወለል እንጨት ሊያዩ መጡ። «አካም ቡልተኒ» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ እናቴ መልስ ከመስጠት ይልቅ አለቀሰች። ነገሩን ሰምተው ሚልኪ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ጎረምሳው፣ ምን አስቀይሞህ ነው?»

ሚልኪ ወደ ፖፖው ጠቆመ። «ይበላኛል» አለ።

ኦቦ ዱጋሳ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ለሚልኪ፣ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ «እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስድስት ቀን ውያለሁ። ምሳዬንም እዚያው ነው የበላሁት። ያየሁት ነገር ቢኖር ትል ነው፣ እሱም ከእኔ ሸሸ» አሉት። ሚልኪ አላመናቸውም። እኔም አላመንኳቸውም።

ግን ሄጄ ፖፖው ላይ ተቀመጥኩ። ከነቀሚሴ፣ በስምንት ዓመቴ፣ የግቢው ልጆች በር ላይ ተኮልኩለው «እዩአት ሕፃኗን!» እያሉ ሲስቁብኝ። ውሸቱን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ ስቀመጥ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሱን እየጠበቅሁ ነበር። ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስከፍት ሚልኪ ፊቴ ቆሟል።

«አየህ? አይበላም» አልኩት።

ተነሣሁለት። ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ጨብጦ ተቀመጠ፣ አንድ ልጅ በሩን ሊዘጋ ሲል ግን ጮኸ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ብዙ አለቀሰ። በመጨረሻ እናቴ እልል አለች፣ ኦቦ ዱጋሳም እንጨታቸውን ሊያዩ ወጡ። «አይበላም» አልኩት እንጂ «ዋሽቼህ ነው» አላልኩትም።

ዛሬ ሚልኪ ሱሉልታ፣ ሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ አጠገብ በሆነ ንጹሕ ቤት ይኖራል። የሽንት ቤቱን በር ዘግቶ ሲገባ አይቼው አላውቅም፤ ሚስቱ ትቀልድበታለች፣ እሱም ለምን እንደሆነ አያውቅም። ከቡራዩ የገዛነው ፖፖ ዳክዬ ይመስላል፣ ሲቀመጡበትም ይዘፍናል። ልጁ የመጀመሪያው ቀን እንቢ ሲል ሚልኪ ሰዓቱን አይቶ «ቶሎ ተቀመጥ፣ አለዚያ ጅቡ ከሽንት ቤቱ ይወጣልሃል!» አለው። ልጁ አላለቀሰም። በሩ ጀርባ ሄዶ እግሮቹን አጣብቆ ቆመ።

ያኔ ነገርኩት። ሁሉንም፣ በጉንም፣ የጉድጓዱን ልጅም።

ሚልኪ መጀመሪያ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በሩን ክፍት ያስተውሽኝ አንቺ ነሽ?» አለ። ከዚያ በሩ ጀርባ ሄዶ ተንበረከከና ልጁን «ጅብ የለም፤ አባዬ ዋሽቶህ ነው» ሲለው ሰማሁ። በልጅነቴ ለእኔ ከበር እስከ ጉድጓድ ያለው መንገድ ረጅም ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ሦስት እርምጃ ሆኗል፣ መብራት አለው፣ ውኃ አለው፣ ማስፈራሪያው ግን ሳይታደስ እዚያው ቆሞ ጠብቆናል።

እናንተም ቤት ትንሽ ልጅ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ወደ እሱ ሂዱ። በምን እንዳስፈራራችሁት ታውቃላችሁ። «ዋሽተንህ ነው» በሉት።