የማርች በረዶ ክምር

ልጅ እያለሁ፣ እዚህ ውጭ አገር ክሬሰንት ታውን የሚባል ሠፈር ስንኖር፣ ከሁሉ የሚያስጠላኝ የማርች በረዶ ነበር። ዊንተሩን ሙሉ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ከፓርኪንጉ እየገፋ ሕንፃችን ጀርባ ይከምረዋል። ሙቀት ሲነካው ታዲያ ጉዱ ይወጣል፤ የሲጋራ ቁራጭ፣ ያገለገለ ዳይፐር፣ የውሻ አር፣ ምን ላድርግ ስሙ ነው። ሽታውማ አይነሳ! አሁንም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

እማዬ ደግሞ ቆሻሻ የምትጸየፍ ሴት ናት፤ የሊፍቱን ቁልፍ እንኳ በክርኗ ነበር የምትጫነው። ዊንተር ላይ ብርዱን ፈርታ ከቤት አታስወጣንም። ማርች ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ግን «ሂዱ፣ ውጡ፣ ፀሐይ ሙቁ!» ትለናለች። በረዶ የሚከዳው ሲሞቅ መሆኑን ማን ነግሯት? ውሃው ከሥር እየቦረቦረው ከላይ ደህና መስሎ ይቆማል።

አንድ ቅዳሜ የስድስት ዓመቷ እህቴ ሳምራዊት፣ የሠፈር ልጆች ክምሩ ሥር የቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ገባች። እኔ ውጭ ቆሜ አፍንጫዬን ይዤ «ሳሚ፣ ይሸታል፣ ነይ ውጪ!» እላለሁ።

«ኖ! ኢትስ ማይ ሃውስ!»

ወዲያው ክምሩ ተንዶ ዋሻውን ደፈነው። ድምጿ ጠፋ።

ጩኸቴን ሰምታ እማዬ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወረደች። ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚያጸዳው ሰውዬ፣ ሱፐሩ፣ የቡና ኩባያውን እንደያዘ «እዚህ አትጫወቱ ብዬ ነበር» ይላል። ቱ! ያ ፊቱ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እማዬ ዞራም አላየችው፤ ያንን ሁሉ ቆሻሻ በባዶ እጇ ትዝቅ ጀመር። ጎረቤታችን ጋሽ ጀማል ታክሲያቸውን አቁመው ደረሱና አጠገቧ ተንበርክከው ቆፈሩ። የሳሚ ቦት ጫማ ሲታይ እግሯን ይዘው ጎትተው አወጧት።

ሳሚ አትተነፍስም። እማዬ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ያንን ጥቁር ጭቃ ጠርጋ አወጣች፤ ከዚያ አፏን አፏ ላይ ገጥማ ተነፈሰችባት። ሳሚ አስላ አለቀሰች። እማዬ ያንን የቆሸሸ ፊት እያገላበጠች ሳመችው። እኔ እዚያው አስመለሰኝ።

ዛሬ እኔም እዚያው ሠፈር ልጆቼን አሳድጋለሁ። ለሁሉ ነገር አፕ ወጥቷል፣ ሊፍቱም ታድሷል፤ ክምሩ ግን ያው ነው። ባለፈው ማርች ሆዱ ተቦርቡሮ አየሁና የሕንፃውን ኦፊስ ኮል አደረግኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት።

«አይዞሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ ይቀልጣል» አለችኝ።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነበር። እየተሳደብኩም እየተጸየፍኩም፣ ራሴ ላፈርሰው አካፋ ይዤ ወረድኩ።