ዘጠኝ ቀን የቆየ መርዶ

መርዶ ለታማሚ አይነገርም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ነው። በደብረ ማርቆስ ዳርቻ አንድ የበጎ አድራጎት ሆስፒታልና ከጎኑ የተተከሉትን የተፈናቃዮች ድንኳኖች ሳስተዳድር ለሁሉም ነገር መመሪያ ጽፌ ነበር። ለዚህ ግን የእናቴን ደንብ ተከተልሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

መርዶውን የደበቅሁባት ሴት ከቀዬዋ ተፈናቅላ የመጣች ወጣት ነበረች። የተሰበረ እግሯ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቁስሉ መግል ይዟል። የአምስት ወር ሴት ልጇን አማቷ ድንኳን ውስጥ ይዘውላታል። ክረምት ነው፤ ሸራው ያንጠባጥባል፣ ወለሉ ጭቃ ነው። ሕፃኗን የሳንባ ምች በሁለት ቀን ነጠቃት። አማቲቱ እግሬ ላይ ወድቀው "እግሯ ሳይድን እንዳትነግሪያት ልጄ፤ ሁለቱን ባንዴ አልቅበር" አሉኝ። የቀበሯት ቄስ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ቢሉኝ፣ "እግሯ ይዳንና ይጥራ፣ አባ!" ብዬ ጮህሁባቸው። ድሮም ቁጡ ነኝ።

"ልጄን አምጡልኝ፣ ላጥባት" ስትለኝ "ሕፃን ቁስለኛ ክፍል አይገባም፣ በሽታ ይይዘዋል" አልኋት። አምናኝ ጡቷን በኩባያ እያለበች ጠዋትና ማታ ትሰጠኝ ጀመር።

"ጠገበች?"

"ጠግባ ተኛች።"

ከዚያ ከማጠቢያው ጀርባ ሄጄ እደፋዋለሁ። ኩባያው ገና ለብ እንዳለ ነው።

ከቁስለኛ ክፍሉ የሸራ ግርዶሽ ወዲያ፣ በሕፃናቱ በኩል፣ እናቱ ስደት ላይ ወልዳው ደም ፈስሷት የሞተችበት ወንድ ልጅ ተኝቷል። የዱቄት ወተት የጫነው መኪና መንገድ ተዘግቶ ደጀን ላይ ቆሟል። የላም ወተት አቅጥነን ብንሰጠው አስቀመጠው። ሲያለቅስ ይውላል። ሕፃኗ በሞተች በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ፣ "ሲስተር፣ ይሄን ልጅ ያምጡልኝና ላጥባው። ጡቴ ሞልቷል፤ ለልጄም አይጎድልባትም" አለችኝ።

ደነገጥሁ። የሌላ ሰው ልጅ ከገባ የእኔስ ለምን አይገባም ልትለኝ ነው። "ደንብ ነው አልሁሽ እኮ! አርፈሽ ተኚ!" አልኋት። አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የምደፋውን ወተት ለእሱ መስጠትስ? አላሰብሁትም ብል ውሸት ነው። የሟቿን ድርሻ እናቷ ሳታውቅ ለሌላ መስጠት ነውር መሰለኝ። መድፋቱ ግን ነውር አልመሰለኝም። ወይ እኔ!

ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። "ምነው ዝም አለ?" ብትለኝ "ተሻለው" አልኋት። አንዴ የለመደ አፍ ምን ይቸግረዋል።

በዘጠነኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና መርዶው ተነገራት። ያን ጩኸት ልጽፈው አልሞክርም። ደረቷን ስትደቃ ወተቱ ቀሚሷን አረጠበው፤ እጆቿን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ አስጠራችኝ። ስድቧን ልቀበል ተዘጋጅቼ ሄድሁ፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"አልፈርድብዎትም፣ ሲስተር። ለእኔ ብለው ነው፤ እኔም ብሆን አልናገርም ነበር" አለች። "አሁን ግን ያን ልጅ ያምጡልኝ፣ ያን ተሻለው ያሉኝን። እሱ እናት የለውም፣ እኔም ልጅ የለኝም። አሳድገዋለሁ።"

ጡቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በሩን በሩን ታያለች። ለዚህኛው ሽማግሌ አልሰበሰብሁም።

"እሱም ሞቷል" አልኋት።

"መቼ?"

"ላጥባው ካልሽኝ በሦስተኛው ቀን።"