ጉልበት ያነሳት አምፕሊፋየር

አቧራ የጠጣ አምፕሊፋየር ሲሞቅ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? ትናንት ልጄ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ ሲሰካው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔም ሸዋሮቢት፣ ቆርቆሮው በሙቀት የሚንጣጣበት ቀትር ውስጥ ተመልሼ ገባሁ።

አባቴ አርብ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ የማሾ ጆንያዎቹን ተደግፎ መንዙማ ይከፍት ነበር። ሁለቱ ትላልቅ ስፒከሮች ኩራቱ ነበሩ፤ አምፕሊፋየሯ ግን ለእነሱ የማትመጥን ሚጢጢ ነበረች። አንድ ሰሞን "ድምፁ ታፈነ" እያለ እስከ መጨረሻ ያዞራት ጀመር። ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። አንድ አርብ የተቃጠለ ነገር ሸተተንና ቀጭኑ ድምፅ፣ የመንዙማው ጭብጨባ ሳይቀር፣ ጭራሽ ጠፋ።

የሬዲዮ ጠጋኙ ስፒከሮቹን ፈትቶ አየና ሳቀ። "ሰው ሁሉ ስፒከር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕሊፋየር ይመስለዋል፤ ይቺ ናት ያቃጠለችው፣ ያለ አቅሟ ስትጮህ!"

እንዴት ደስ አለኝ! መፍትሔው በእጃችን ነበራ። እሱ የተቃጠሉትን ቀየረ፤ እኔ ከስፒከሮቹ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደብተሬ ላይ ገልብጬ የሚመጥናቸውን አምፕሊፋየር አብረን መረጥን። ሊገጥመው የመጣ ዕለት ድቤው ደረት መታ፤ ጭብጨባው አንድ በአንድ ይለይ ነበር። አባቴ ግን ትንሽ አዳመጠና ቁልፉን እስከ መጨረሻ አዞረው።

"አባባ፣ ኧረ በዛ!" ብዬ ጮህኩ።

"ወላሂ ይሄም ታፍኗል። ጭብጨባውን የት ጣሉት?"

ጭብጨባው ቤቱን እያናወጠው ነበር። ጠጋኙ ቀና ብሎ አየኝ። የዕቃውን አቅም ስንለካ የአባቴን ጆሮ ማን አሰበው?

"ሐኪም ቤት እንሂድ" ስለው "ዕቃው ታሞ እኔን ታሳክሚኛለሽ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ጠፋኝ። አርብ በመጣ ቁጥር የምጠግን መስዬ ምንም ያልሆኑትን ሽቦዎች እየነቀልኩ መልሼ እሰካ ነበር፤ ሌላ ምን ላድርግ?

አንድ አርብ ሽቦውን ሰክቼ ላቤን እየጠረግኩ ዞር አልኩ። ፊቴን ሲያየው ቆይቶ ኖሯል።

"አሁንስ፣ አባባ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ተስተካከለ። ጭብጨባው መጣ፤ በቃ አትልፊ ልጄ" አለኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ካሴቱን ገና አልከፈትኩትም ነበር።