ያልወጣው ግዝት

ጣሊያኖች ያሰሩን ደብረ ታቦር ላይ፣ ቀድሞ እህል ይከማችበት በነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የሰው ትንፋሽና የሻገተ ገብስ ሽታ ነበር። ጥፋቴ ከጉና ለወረዱ አርበኞች ስንቅ ማቀበሌ ነው። አልካድኩም፤ ዛሬም ቢሆን አቀብላለሁ።

ጥግ ላይ የንስሐ አባቴን፣ የአጥቢያችንን ቄስ፣ ኩርምት ብለው አየኋቸው። መስቀላቸውን ቀምተዋቸዋል።

«አንተም መጣህ?» አሉኝ፣ ሰርግ ቤት እንደተገናኘን ሁሉ።

«መጣሁ፣ አባ።»

የታሰሩበትን ነገር ያወቅሁት አስተርጓሚው ሲመጣ ነው። የእኛው አገር ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባ፣ አዛዡ የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገ ገበያ መሐል ቆመው ‹ለሽፍታ እህል ያቀበለ ውጉዝ ይሁን› ይበሉ። ከዚያ ወደ ቤትዎ ነው።»

«እንቢ ካልኩስ?»

አስተርጓሚው አቀርቅሮ ወጣ።

እኔ ለመንኳቸው። አንጀቴን በሉት። «አባ፣ ከአንገት በላይ ይበሉት። እግዜር ልብዎን ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። ሕዝቡ ግን ያምነኛል፣ ልጄ። ውጉዝ ይሁን ካልኩ እናት ለልጇ ውሃ ትከለክላለች። እኔ ብሞት ደግሞ ውጉዙን ማን ይፈታዋል?»

በእኛ አገር የገዘተው ቄስ ሳይፈታ ከሞተ፣ ውጉዙ እስከ መቃብሩ እንደታሰረ ይቀራል ብለን እናምናለን። ጣሊያኑ ይህን ከማን እንደሰማ እንጃ፤ ብቻ በመድፍ ያቃተውን በአንድ ሽማግሌ አፍ ሊጨርሰው ነበር።

ጠዋት አስተርጓሚው ከወታደሮች ጋር መጣ። አባ «ጥቂት ታገሱኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የገዘቱትን ሰው ማስታወስ ጀመሩ። በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን፣ በሐሰት የመሰከረ ገበሬን፣ በስማቸው እየጠሩ «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። በሞት ያረፈው እንኳ አልቀረም። ከዚያ ባዶ መዳፋቸውን በየራሳችን ላይ ጫኑ።

አስተርጓሚው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባ፣ እኔስ?»

በልቤ «አይፍቱት» አልኩ። እሳቸው ግን «ና» አሉት፣ እጃቸውንም ጫኑበት። «እግዚአብሔር ይፍታህ።» ሰውየው እያለቀሰ ይዟቸው ወጣ።

ከገበያው ተይዘው የመጡ እስረኞች የሆነውን ነገሩን። አባን ሕዝቡ ፊት አቆሟቸው፤ እሳቸው በእጃቸው አማትበው ባርከው ዝም አሉ። ቢገፏቸውም ዝም። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

አሁን አርጅቻለሁ። የማኅበራችን ቄስ «ጽዋ ላይ የቀረ ውጉዝ ይሁን» ሲል ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ልጆቼ እርጅና ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፤ አባ መቃብራቸው አይታወቅም፣ ፍትሐትም አልደረሰላቸውም። ያን ሁሉ ሰው ፈትተው ሲሄዱ እሳቸውን የፈታ የለም። እኔ ጨዋው፣ ክህነት የሌለኝ፣ ብቻዬን ስሆን «እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ አባ» እላለሁ። ይድረስ አይድረስ አላውቅም።